የአየርላንድና የዌልስ ቅድመ አያቶችን ከአሮጌ መዝገብና ፎቶግራፍ ፈልጎ የማግኛ መመሪያ

ብዙ ሰው ይህን ሥራ የሚጀምረው ኮምፒውተር ከፍቶ ስም በመጻፍ ነው። የሚወድቀውም እዚያው ላይ ነው። «ሜሪ መርፊ፣ አየርላንድ» ብላችሁ ብትጠይቁ ሜሪ መርፊ በገፍ ይመጣላችኋል፤ «ጆን ጆንስ፣ ዌልስ» ብትሉ ደግሞ ከዚያም ይብሳል። ከመካከላቸው ዕድሜው የተጠጋጋውን ትመርጣላችሁ፣ ከእርሱ ወላጆቹን፣ ከወላጆቹ አያቶቹን ትስባላችሁ፣ ሐረጉም አምሮ ይወጣል። ሐረጉ ግን የሌላ ሰው ነው። እኔ ራሴ የባለቤቴን የእናት ወገን ስፈልግ አራት ወር ሙሉ የማላውቀውን ቤተሰብ ስቆጥር ከርሜያለሁ። ያቺ የመረጥኳት ሜሪ በሁለት ዓመቷ መሞቷን የነገረኝ አንድ መስመር የሞት መዝገብ ነበር።

መመሪያው የትዳር ጓደኛቸው ወይም የልጆቻቸው አያት ከእነዚህ አገሮች ለሆነ አንባቢዎች ነው። አያታቸው አየርላንድ ውስጥ የተወለዱና በዚያ በኩል ዜግነት ለማስመዝገብ ወረቀት የሚያሰባስቡ ሰዎችም የመጀመሪያዎቹን ደረጃዎች ሊጠቀሙባቸው ይችላሉ። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከመጀመራችሁ በፊት አዘጋጁ

አንድ ወፍራም ደብተር፣ ለስላሳ እርሳስ፣ ማጉያ መነጽር፣ የሴንቲ ሜትር ማስመሪያ፣ ስካነር ወይም ጥሩ ካሜራ ያለው ስልክ ያስፈልጋችኋል። በደብተሩ ላይ ለእያንዳንዱ መረጃ አራት ነገር ጻፉ፤ ምን እንደሚል፣ የትኛው መዝገብ እንደሆነ፣ ገጹን፣ ያያችሁበትን ቀን። ፈልጋችሁ ያጣችሁትንም መዝግቡ። «የኮርክ ጋብቻ ከ1870 እስከ 1880 ታይቷል፣ የለም» የሚል መስመር ከስድስት ወር በኋላ ያንኑ ፍለጋ ከመድገም ያድናችኋል።

1ኛ ደረጃ፦ ከቤት ጀምሩ

1. በሕይወት ያሉትን አረጋውያን ዛሬ ጠይቁ። መዝገብ ቤቱ ይጠብቃችኋል፣ ሰው አይጠብቅም።
2. «የአያትሽ ስም ማን ነበር?» ብላችሁ ብቻ አትለፉ። ቤት ውስጥ በምን ይጠሩ እንደነበር፣ የትኛው ቤተ ክርስቲያን እንደሚሄዱ፣ የት እንደተቀበሩ፣ የእርሻው ወይም የቤቱ ስም ምን እንደነበር፣ ከአገር ቤት ማን ደብዳቤ ይጽፍ እንደነበር ጠይቁ። የቤት ስምና የክርስትና ስም ሁለት መሆናቸው ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። አየርላንድ ውስጥም ቢዲ፣ ብራይዲና ዲሊያ የሚባሉት ሁሉ መዝገብ ላይ ብሪጅት ሆነው ይገኛሉ።
3. ቤት ያለውን ወረቀት ሁሉ ሰብስቡ፤ መጽሐፍ ቅዱስ (ልደትና ሞት በመጀመሪያ ገጾቹ ላይ ይጻፍ ነበር)፣ የቀብር መታሰቢያ ካርድ፣ የጡረታ ደብተር፣ የደብዳቤ ፖስታ። ፖስታው ላይ ያለው የፖስታ ቤት ማኅተም አንዳንዴ ከደብዳቤው ይዘት ይበልጣል።

የቤተሰብ ወግ ሁለት ዓይነት ነው። ቦታና ሙያ የሚናገረው ብዙ ጊዜ ፍሬ አለው። «ከመሳፍንት ወገን ነን» የሚለውን ግን በደብተራችሁ መጨረሻ ገጽ ላይ አኑሩት።

2ኛ ደረጃ፦ ፎቶግራፎቹን ሳትጎዱ ገልብጡ

1. እጃችሁን ታጥባችሁ አድርቁ። ፎቶውን በጠርዙ ብቻ ያዙ።
2. ፊቱንም ጀርባውንም ስካን አድርጉ። ጀርባውን መተው በዚህ ሥራ ትልቁ ስህተት ነው፤ የፎቶ ቤቱ ስምና አድራሻ ያለው እዚያ ነውና።
3. ጥራቱን ቢያንስ 600 ነጥብ በኢንች አድርጉት። ትንንሽ ፎቶዎችን 1200 አድርጓቸው። ዋናውን ቅጂ በቲፍ ዓይነት አስቀምጡና ለሰው የምትልኩትን በጄፔግ አውጡ።
4. ካርዱን ለኩና ስፋቱን፣ ቁመቱን፣ ውፍረቱን ጻፉ።

ማስጠንቀቂያ፦ በውሃ፣ በአልኮል፣ በእርጥብ ጨርቅ አታጽዱ። ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ አትጻፉ፤ ቀለሙ ዘልቆ ፊት ላይ ይወጣል። በትንሽ ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ በመስታወት የተሸፈነ ምስል ካለ መስታወቱን አትክፈቱ። የብር ሽፋን ያለው ዳጌሮታይፕ ከሆነ አንዴ በጣት መነካት ብቻ ፊቱን ሊያጠፋው ይችላል።

ፎቶው አልበሙ ላይ ከተጣበቀ፦ አትላጡት። በቀን ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ፣ እዚያው እንዳለ በካሜራ አንሱት። ግድ ጀርባው መታየት ካለበት ቀጭን ሰም የሌለው የጥርስ ክር በፎቶውና በገጹ መካከል አስገብታችሁ በዝግታ ወዲያና ወዲህ ጎትቱ። ቀስ ብሎ ካልተላቀቀ አቁሙ።

3ኛ ደረጃ፦ የፎቶግራፉን ዘመን ለዩ

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፤ መጀመሪያ የተሠራበት ነገር፣ ቀጥሎ ካርዱ፣ ቀጥሎ ልብሱ፣ በመጨረሻ ፊቱ። ሰው ሁሉ ከፊቱ ይጀምራል፣ «አፍንጫዋ የአክስቴ ነው» ይላል፣ ከዚያ ወዲያ ማስረጃውን ሁሉ ወደዚያ አፍንጫ ያጣምማል።

የተሠራበት ነገር፦ ዘንበል ስታደርጉት እንደ መስታወት የሚያንጸባርቅና ፊታችሁን የሚያሳያችሁ ከሆነ ዳጌሮታይፕ ነው፤ ከ1840ዎቹ እስከ 1860 ገደማ። መስታወት ላይ ሆኖ ጀርባው በጥቁር የተሸፈነ ከሆነ አምብሮታይፕ ነው፤ በአብዛኛው 1850ዎቹና 1860ዎቹ። ትንሽ ማግኔት በወረቀት ለይታችሁ ከጀርባው ስታስጠጉት የሚስብ ከሆነ ቲንታይፕ ነው፤ ከ1856 ወዲህ የተሠራ ቀጭን ብረት።

ካርዱ፦ ወረቀት ላይ ታትሞ ካርቶን ላይ የተለጠፈና 6 በ10 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነው ካርት ደ ቪዚት ይባላል፤ በ1860ዎቹ የተስፋፋው እርሱ ነው። 11 በ16 ተኩል ገደማ የሆነው ካቢኔት ካርድ ከ1866 ወዲህ የመጣ ነው። ቀጭን ካርድ ባለ ሹል ማዕዘን ወደ 1860ዎቹ ያደላል፤ የተከበበ ማዕዘን ከ1870ዎቹ ወዲህ ነው፤ ወፍራም ሆኖ ጠርዙ በወርቅማ ቀለም የተቀባው 1880ዎቹንና 1890ዎቹን ያመለክታል። ፖስት ካርድ ሆኖ ጀርባው ለመልእክትና ለአድራሻ ለሁለት የተከፈለ ከሆነና የታተመው በብሪታንያ ከሆነ ከ1902 አይቀድምም። ፎቶው አሜሪካ ተነሥቶ ጀርባው ላይ የቀረጥ ቴምብር ካለ ደግሞ ዕድለኞች ናችሁ፤ ያ ቀረጥ የቆየው ከ1864 እስከ ነሐሴ 1866 ብቻ ነው።

ልብሱ፦ የሴቶችን እጅጌ ተመልከቱ። ከትከሻ ላይ እንደ ትራስ ተነፍቶ ከክርን በታች የሚጠብ እጅጌ በ1890ዎቹ አጋማሽ ነው። ሰፊ ክብ ቀሚስ ወደ 1860ዎቹ ያስጠጋል፤ ከኋላ የተቆለለ ቀሚስ 1870ዎቹና 1880ዎቹ ነው። ገጠር ያለች ሴት ግን የዘመኑን ፋሽን በአንድ ጊዜ አትይዝም፣ አሮጊትም የወጣትነቷን ልብስ ትለብሳለች። ስለዚህ በፎቶው ውስጥ ካሉት ወጣቷን ሴት መለኪያ አድርጉ። ቀሚስ የለበሰ ሕፃን ስታዩ ሴት ናት ብላችሁ አትቸኩሉ፤ ወንዶቹም አራትና አምስት ዓመት እስኪሞላቸው ቀሚስ ይለብሱ ነበር።

የፎቶ ቤቱ አድራሻ፦ ስሙን ከዘመኑ የንግድ ማውጫዎች ጋር አስተያዩት። ለደብሊን የቶም፣ ለዌልስ የስሌተርና የኬሊ ማውጫዎች አሉ። ፎቶ አንሺዎች አድራሻ ቶሎ ቶሎ ይቀይሩ ስለነበር በአንድ ቁጥር ቤት የቆዩባቸው ዓመታት ጥቂት ናቸው። የመንገድ ስምም ይረዳል፤ የደብሊኑ ሳክቪል ስትሪት ከ1924 ወዲህ ኦኮኔል ስትሪት ሆኗል።

በአማቴ ቤት ያለውን ፎቶ ላንሣ። ጀርባው ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ «ቅድመ አያት፣ 1865» የሚል አለ። ካርዱ ካቢኔት ነው፣ ስለዚህ ከ1866 በፊት ሊሆን አይችልም። ወፍራም ነው፣ ጠርዙ በወርቅማ ቀለም የተቀባ ነው። የሴትየዋ እጅጌ ከትከሻዋ ተነፍቶ ጆሮዋን ሊነካ ደርሷል። ቅድመ አያት በዚያ እጅጌ ዘመን ስልሳ ዓመት ያለፋት ሴት ነበረች፤ ፎቶው ላይ ያለችው ሃያ አምስት አይሞላትም። ስለዚህ ልጇ ናት። የሰማያዊ እስክሪብቶው ጽሑፍ ሁለት ትውልድ አምታቶ ነበር።

ነጻ የምስል ስብስቦችም አሉ፤ የቤተሰባችሁን ሰው ባታገኙ መንደሩን ታገኛላችሁ። የዌልስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ከ1838 እስከ 1905 የኖረውን የጆን ቶማስን ከ3,000 በላይ የመስታወት ሰሌዳዎች ይዟል፤ ይህ ሰው ቻፕሎችን (ከመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን ውጭ የሆኑ የጸሎት ቤቶችን) እና ተራ የገጠር ሰዎችን ያነሣ ነበር። የአየርላንድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ደግሞ 40,000 ገደማ ሰሌዳ ያለው የሎረንስ ስብስብ አለው። እዚያ የከተማና የመንደር ምስል ፈልጉ እንጂ የሎረንስ ስቱዲዮ ያነሣውን የቤተሰብ ፎቶ አትጠብቁ፤ የሰዎቹ ምስል ሰሌዳዎች በ1916ቱ የደብሊን ዐመፅ ተቃጥለዋል።

4ኛ ደረጃ፦ አንድ ትውልድ ብቻ ወደኋላ ሂዱ

ከምታውቁት ሰው ሞት ወደ ጋብቻው፣ ከጋብቻው ወደ ልደቱ፣ ከልደቱ ወደ ወላጆቹ ጋብቻ። ደረጃ አትዝለሉ። እኛ ሰባት ቤት ስንቆጥር አንዱን ቤት ዘልለን ወደ ሁለተኛው አንሄድም፤ እዚህም ያው ነው።

በሁለቱም አገሮች የጋብቻ ምስክር ወረቀት ትልቁ ቁልፍ ነው፤ የሁለቱንም ሙሽሮች አባቶች ስምና ሙያ ይዟል። የእናቶችን ስም ግን አትፈልጉበት፤ በእንግሊዝና ዌልስ እንኳ እናቶች የገቡት በ2021 ነው። የእናት የትውልድ ስም ያለው ልጁ የልደት መዝገብ ላይ ነው። የአየርላንድ የሞት መዝገብ የሟቹን ወላጆች አይናገርም፤ ሞቱን ያስመዘገበውን ሰው ስም ግን ይሰጣል። ያንን ስም ጻፉት፣ አብዛኛውን ጊዜ ልጅ፣ ምራት ወይም ጎረቤት ነው።

5ኛ ደረጃ፦ አየርላንድ፤ ጎጡን ሳታገኙ አትሻገሩ

አየርላንድ ውስጥ ሰው የሚገኘው በቦታው ነው። ትንሿ ክፍል ታውንላንድ ትባላለች፤ የእኛን ጎጥ አስቡ። ከ60,000 በላይ አሉ፣ ብዙዎቹም ስማቸው አንድ ነው። ጎጡ በመንግሥት አጥቢያ ውስጥ፣ አጥቢያው በካውንቲ ውስጥ ነው። የካቶሊክ አጥቢያ ደግሞ ሌላ ወሰንና ብዙ ጊዜ ሌላ ስም አለው፤ የልደትና የሞት ምዝገባ ወረዳውም ካውንቲ አቋርጦ ሊሄድ ይችላል። እነዚህን ሦስቱን ለያይታችሁ በደብተራችሁ ጻፉ። ሎጋኒም የተባለው የመንግሥት የቦታ ስሞች ማከማቻ ጎጡን ከነካርታው ያሳያችኋል። የጥንት ስሞችን ተጠንቀቁ፤ ኪንግስ ካውንቲ ዛሬ ኦፋሊ፣ ክዊንስ ካውንቲ ሊሽ፣ ክዊንስታውን የተባለው ወደብ ደግሞ ኮቭ ነው።

መዝገቡ «አየርላንድ» ብቻ ካለ፦ ይህ አሜሪካ በሄዱትም፣ አየርላንድን በ1840ዎቹ በመታው ረሃብ ዘመን ወደ ዌልስ ከተሞች ወደ ካርዲፍና ወደ ሜርተር በተሻገሩትም ላይ የሚያጋጥም ነው። ሰውየውን ተዉትና በዙሪያው ያሉትን ያዙ። የወንድሞቹንና የእህቶቹን ጋብቻና ሞት፣ የልጆቹን የክርስትና አባትና እናት፣ አብሮ የሚኖረውን ተከራይ፣ የመቃብር ድንጋዩን ፈልጉ። የካቶሊክ ጋብቻ መዝገብ አንዳንዴ የትውልድ አጥቢያን ይጽፋል። አሜሪካ ለሄዱት ሁለት ጥሩ ምንጮች አሉ፤ የቦስተኑ «ፓይለት» ጋዜጣ ከ1831 እስከ 1921 ያወጣቸው የጠፋ ዘመድ ፍለጋ ማስታወቂያዎች፣ እና በ1850 ኒው ዮርክ ውስጥ የተከፈተው የስደተኞች ቁጠባ ባንክ የደንበኞች መዝገብ። በሁለቱም ሰው የትውልድ ቦታውን እስከ ጎጡ ድረስ ተናግሮ ይገኛል። ከ1906 በፊት ያለ የአሜሪካ ዜግነት ወረቀት ግን አብዛኛውን ጊዜ ከአገር ስም አያልፍም፤ ብዙ ጊዜ አታባክኑበት።

6ኛ ደረጃ፦ የአየርላንድን መዝገቦች በዚህ ቅደም ተከተል አንብቡ

1. የ1901ና የ1911 የሕዝብ ቆጠራ። በአየርላንድ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ድረ ገጽ በነጻ ይታያል። የተተየበውን ብቻ አታንብቡ፣ ምስሉን ክፈቱ። የ1911ዱ ቅጽ ላይ ያገባች ሴት ስንት ዓመት በትዳር እንደቆየች፣ ስንት ልጅ እንደወለደችና ስንቱ በሕይወት እንዳለ ተጠይቃለች። «9 ተወለዱ፣ 6 አሉ» የሚል ካነበባችሁ የምትፈልጉት የሦስት ሕፃናት ሞት አለ ማለት ነው። የቤቱን ቅጽም አትለፉ፤ የጣሪያውን ዓይነት፣ የክፍሎቹን ብዛትና ከፊት ያሉትን መስኮቶች ቁጥር ይናገራል።

ዕድሜውን አትመኑ። በ1901 «48» የነበረ ሰው በ1911 «63» ሆኖ ይገኛል። ከጥር 1909 ጀምሮ 70 ዓመት ለሞላው ጡረታ መከፈል ስለጀመረ ዕድሜያቸውን የጨመሩት ብዙዎች ናቸው። ወደ 1901ዱ አድሉ፣ እርሱንም ቢሆን በግምት ያዙት።

2. የመንግሥት ምዝገባ። ካቶሊክ ላልሆኑ ሰዎች ጋብቻ ከሚያዝያ 1845፣ ለሁሉም ሰው ልደት፣ ጋብቻና ሞት ከጥር 1864 ይጀምራል። አይሪሽ ጂኒያሎጂ በተባለው የመንግሥት ድረ ገጽ ላይ ምስሉ በነጻ ይወርዳል፤ ልደት 100፣ ጋብቻ 75፣ ሞት 50 ዓመት ካለፈው። ለሰሜን አየርላንድ ስድስት ካውንቲዎች ከ1922 ወዲህ ያለው ቤልፋስት ነው፤ እዚያ ለማየት ይከፈላል።

3. የካቶሊክ አጥቢያ መዝገብ። ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት እስከ 1880 ገደማ ያለውን በነጻ ያሳያል። የስም ማውጫ ስለሌለው ገጽ በገጽ ማንበብ ነው። አይናችሁ እስኪለምድ ድረስ ሁለት ሰዓት አንብባችሁ አርፉ። ጽሑፉ ላቲን ከሆነ አትደንግጡ፤ ተደጋጋሚ ቃላት ጥቂት ናቸው። ያኮቡስ ማለት ጄምስ ነው እንጂ ጄኮብ አይደለም። ጉሊዬልሙስ ዊሊያም ነው። በኮርክና በኬሪ ጄረማያ፣ ዳርቢና ዲርሙድ አንድ ሰው ሊሆኑ ይችላሉ። እናት የምትጻፈው በአባቷ ቤት ስም ነው፤ የክርስትና አባትና እናትም ይጻፋሉ፣ እነርሱም ከዘመድ ወገን የሚመረጡ ስለነበሩ ስማቸውን ሁሉ ገልብጡ። የመጀመሪያ ልጅ ክርስትና ብዙ ጊዜ የሚገኘው በእናቲቱ አጥቢያ ነው።

4. የግሪፊዝ የመሬት ግምት። ከ1847 እስከ 1864 የተሠራ ሲሆን የቤቱን ኃላፊ ስም ብቻ ይዟል። ሁለት ፓትሪክ መርፊ በአንድ ጎጥ ሲኖሩ ገማቾቹ ከአጠገቡ በቅንፍ የአባቱን ስም ይጽፉ ነበር፤ «ፓትሪክ መርፊ (ጆን)» ማለት የጆን ልጅ ፓትሪክ ነው። ብዙ ሰው ቅንፉን ሁለተኛ ስም እያደረገ ያነበዋል። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ለውጦች በየጊዜው በተለያየ ቀለም ተሰርዘው የተጻፉባቸው ደብተሮች አሉ። ስሙ የተሰረዘበትን ዓመት ስታገኙ የሞቱን ወይም የስደቱን ዓመት ተጠግታችኋል፤ በእርሱ ቦታ የተጻፈው ሰውም ባልቴቲቱ ወይም ልጁ ይሆናል።

5. የአሥራት ደብተሮች፣ ከ1823 እስከ 1837። የባለይዞታው ስም፣ ጎጡና የመሬቱ ስፋት እንጂ ስለ ቤተሰቡ ምንም የለም። ለአብዛኛው ገበሬ ቤተሰብ ከዚህ በላይ መሄድ አይቻልም።

መዝገቡ ከጠፋ፦ ሰኔ 30 ቀን 1922 ደብሊን የሚገኘው የፎር ኮርትስ መዝገብ ቤት ሲቃጠል ከ1821 እስከ 1851 የነበሩት ቆጠራዎች አብዛኛው ክፍል፣ ኑዛዜዎችና ከግማሽ በላይ የአየርላንድ አንግሊካን አጥቢያ መዝገቦች ጠፍተዋል። የ1861ና የ1871 ቆጠራ ቀድሞ በመንግሥት ተወግዷል፤ የ1881ና የ1891ዱ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወረቀቱ ተፈጭቷል። የካቶሊክ መዝገቦች ግን በየአጥቢያው ስለነበሩ ተርፈዋል። ሌላም መውጫ አለ። ከ1909 በኋላ ጡረታ የሚጠይቁ ሰዎች ዕድሜያቸውን ለማስረዳት በ1841 እና በ1851 ቆጠራ ላይ ስማቸው እንዲፈለግ ያመለክቱ ነበር። ማመልከቻቸው የወላጆቻቸውን ስምና ጎጡን ይዞ ተርፏል፣ አንዳንዱ ላይ ጸሐፊው ከተቃጠለው ቆጠራ የቀዳው ቤተሰብ ሙሉ አለ። በ2022 የተከፈተውንና የተቃጠለውን መዝገብ ቤት በኮምፒውተር መልሶ የሚያሰባስበውን የአየርላንድ ምናባዊ መዝገብ ቤትም ፈትሹ።

7ኛ ደረጃ፦ ዌልስ፤ የስሙን አያያዝ ቀድማችሁ ለዩ

እዚህ አማርኛ ተናጋሪ ከእንግሊዙ ይቀድማል። የድሮው የዌልስ ስም እንደ እኛው ነው፤ ልጁ የራሱን ስም ይዞ የአባቱን ያስከትላል። «አፕ» ወይም «አብ» የወንድ ልጅ፣ «ቬርኽ» የሴት ልጅ ማለት ነው። ሴቶችም ሲያገቡ የአባታቸውን ስም አይለቁም ነበር። ከዚህ ላይ ነው ፓውል (አፕ ሃወል)፣ ፕራይስ (አፕ ሪስ)፣ ቦወን (አብ ኦዌን)፣ ቤቫን (አብ ኢቫን) የመጡት።

ችግሩ መቼ እንደቆመ ነው። ባለጸጎቹ ቀድመው ቋሚ የቤተሰብ ስም ያዙ፤ በአንዳንድ ገጠር ግን የአባት ስም ማስከተል እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ዘልቋል። ስለዚህ፦

1. በ1850 «ጆን ዴቪስ» የሚል ስታገኙ አባቱን ዴቪስ ከሚባሉት መካከል ፈልጉ።
2. በ1760 «ጆን ዴቪድ» የሚል ስታገኙ የአባቱ የራሱ ስም ዴቪድ መሆኑን ገምቱ።
3. በመካከሉ ላለው ጊዜ ሁለቱንም መንገድ ሞክሩ። ወንድማማቾች አንዱ ዴቪስ ሌላው ኢቫንስ ሆነው ቢገኙ ስህተት ነው ብላችሁ አትጣሉት።

ጆንስ፣ ዊሊያምስ፣ ዴቪስና ኢቫንስ ስለሚበዙ ሰውየው የሚለየው በእርሻው ስም፣ በሙያውና በቻፕሉ ነው። የእርሻውን ስም ከሰውየው ስም እኩል መዝግቡ። የቦታ ስምም ወጥመድ አለው፤ «ላን» የሚል መነሻ ቤተ ክርስቲያን ያለበትን ስፍራ ያሳያል። ላንቪሃንጌል የሚካኤል፣ ላንቫይር የማርያም ነው። «ሚካኤል ነው የተወለደው» ቢባል «የትኛው ሚካኤል?» እንደምትሉ ሁሉ እዚህም ከስሙ ኋላ ያለውን ተጨማሪ ቃል ሳትይዙ አትለፉ።

8ኛ ደረጃ፦ የዌልስን መዝገቦች በዚህ ቅደም ተከተል አንብቡ

1. የመንግሥት ምዝገባ ከሐምሌ 1 ቀን 1837 ይጀምራል። የጠቅላይ መዝጋቢው ጽሕፈት ቤት የራሱ ማውጫ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ የእናትን የትውልድ ስም ስለያዘ ለልደት እርሱን ተጠቀሙ፤ በሌላው የቆየ ማውጫ ላይ የእናት ስም የገባው በ1911 ነው። ዓመቱ በአራት ሩብ የተከፈለ ነው። «የመጋቢት ሩብ» ማለት ከጥር እስከ መጋቢት የተመዘገበ ማለት ነው፤ በታኅሣሥ የተወለደ ልጅ እዚያ ሊገኝ ይችላል። እስከ 1875 ድረስ አለማስመዝገብ ቅጣት ስላልነበረው ልጁ ከጠፋ ወደ ክርስትና መዝገብ ሂዱ።

2. የሕዝብ ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ ከ1841 እስከ 1921 ይገኛል። በ1841 ከ15 ዓመት በላይ ያሉ ሰዎች ዕድሜ በአምስት ወደታች ተጠጋግቷል፤ 39 ዓመት የሆነው «35» ተብሏል። ከ1851 ጀምሮ የትውልድ አጥቢያ ተጽፏል። በ1891 ሰው ዌልሽ፣ እንግሊዝኛ ወይም ሁለቱንም ይናገር እንደሆነ ተጠይቋል፤ ሁለት ኢቫን ጆንስን ለመለየት ያ አምድ አንዳንዴ ይበቃል። የ1931ዱ በ1942 በእሳት ጠፍቷል፣ በ1941 ቆጠራ አልተደረገም፤ ክፍተቱን የ1939ኙ ምዝገባ ይሞላል።

3. የአጥቢያና የቻፕል መዝገብ። ብዙው የዌልስ ሕዝብ ከመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን ውጭ በቻፕል ያመልክ ስለነበር ክርስትናው አጥቢያው ላይ አይገኝም። ጋብቻው ግን ከ1754 እስከ 1837 ድረስ በሕግ የግድ በአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ነበር፤ ከዚህ ነጻ የነበሩት ኩዌከር የተባሉት የሃይማኖት ወገንና አይሁድ ብቻ ናቸው። ስለዚህ ለዚያ ዘመን ጋብቻውን አጥቢያ ላይ፣ ልደቱን ቻፕል ላይ ፈልጉ። ከ1813 ወዲህ የአጥቢያ ክርስትና መዝገብ የአባቱን ሙያና መኖሪያ ይዟል።

4. ኑዛዜና ጋዜጣ። ከ1858 በፊት ያሉ የዌልስ ኑዛዜዎች በአበሪስትዊዝ ባለው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ በነጻ ይታያሉ፤ እስከ 1919 ያሉ የዌልስ ጋዜጦችም እንዲሁ። ገበሬ አይናዘዝም ብላችሁ አትለፉ። ላምና አልጋ ለሴት ልጁ ያወረሰ ሰው የአማቹን ስም ይነግራችኋል።

5. የመቃብር ድንጋይ። በዌልሽ ከተጻፈ እነዚህን ቃላት ብቻ ያዙ፤ «ኤር ኮቭ አም» ለመታሰቢያ፣ «ጋንዊድ» ተወለደ፣ «ቢ ቫሩ» ሞተ፣ «ጉራይግ» ሚስት፣ «ማብ» ወንድ ልጅ፣ «ሜርኽ» ሴት ልጅ፣ «ሄቪድ» ደግሞም፣ «ኦይድ» ዕድሜ። በዌልሽ አንድ ኤፍ እንደ ቪ ይነበባል። ድንጋዩ ከደበዘዘ በሽቦ ብሩሽ ወይም በኬሚካል አትፈግፍጉ፤ ጠዋት ወይም ማታ ፀሐይ በጎን ስትመጣ ፎቶ አንሡት፣ ወይም ከጎኑ መብራት ያዙበት።

9ኛ ደረጃ፦ ሰውየው እርሱ መሆኑን አረጋግጡ

አንድ መዝገብ ማስረጃ አይሆንም። ስም፣ ቦታና አንድ ዘመድ በሁለት የተለያዩ መዝገቦች ሲገጥሙ ብቻ ወደሚቀጥለው ትውልድ ውጡ። ሁለት እኩል የሚመስሉ ሰዎች ካሉ የምትወዱትን ከመምረጥ ይልቅ ሁለቱንም ወደፊት ተከተሉ፤ አንዱ በሕፃንነቱ ሞቶ፣ ወይም ሌላ ሚስት አግብቶ፣ ወይም አውስትራሊያ ሄዶ ታገኙታላችሁ። መጀመሪያ የሞት መዝገብን እዩ።

ሲበላሽባችሁ

ስሙ ፈጽሞ አይወጣም፦ ከአየርላንድ ስም ላይ ኦና ማክን አንሡ፣ ወይም ጨምሩ፤ ሱሊቫንና ኦሱሊቫን አንድ ናቸው። የቤተሰብ ስሙን ትታችሁ በሚስትና በልጆች የመጀመሪያ ስም ከቦታው ጋር ፈልጉ። ይህም ካልሠራ ጎጡን ከፍታችሁ ቤት በቤት አንብቡ፤ ጎጥ ብዙ ጊዜ ከ20 ቤት አይበልጥም። በ1911 ቅጹን በአይሪሽ ቋንቋ የሞሉ ስላሉ የአይሪሹንም አጻጻፍ ሞክሩ።

ልጁ ከመወለዱ በፊት ክርስትና ተነሥቷል፦ የክርስትናውን ቀን እመኑ። የማስመዝገቢያው ጊዜ ያለፈበት ወላጅ ቅጣት ፈርቶ የልደቱን ቀን ወደፊት ይገፋው ነበር።

ሰውየው ከመሞቱ ከአሥራ አንድ ወር በፊት ተቀብሯል፦ ከ1752 በፊት ከሆነ ስህተት አይደለም። በእንግሊዝ፣ በዌልስና በአየርላንድ አዲስ ዓመት መጋቢት 25 ይገባ ነበር፤ «የካቲት 1740» የሚለው በዛሬው አቆጣጠር 1741 ነው። ሁለቱንም ዓመት አብራችሁ ጻፉ።

«ኤሊስ ደሴት ላይ ስማችንን ቀየሩብን» ይላሉ፦ በዚህች የኒው ዮርክ የስደተኞች መግቢያ ጸሐፊዎቹ ይሠሩ የነበረው በመነሻው ወደብ በተዘጋጀው የተሳፋሪዎች ዝርዝር ነው። ስሙ የተለወጠው ከመነሣታቸው በፊት ወይም ከገቡ በኋላ ነው፣ እዚያ ፈልጉ። ደሴቲቱ ደግሞ የተከፈተችው በ1892 ነው፤ በረሃቡ ዘመን የሄደ ሰው በእርሷ አላለፈም።

ዝግጁ የሆነ የዘር ሐረግ ኢንተርኔት ላይ አገኛችሁ፦ እንደ ፍንጭ ያዙት እንጂ አትገልብጡት። እናት ልጇን ከሞተች በኋላ የወለደችባቸውን ሐረጎች አይቻለሁ። እያንዳንዱን መስመር ራሳችሁ ከምስሉ ካላያችሁ በደብተራችሁ ላይ በእርሳስ ይቆይ።

ፎቶው ላይ ስም የለም፣ የሚያውቅም የለም፦ ጀርባው ላይ በለስላሳ እርሳስ፣ ሳትጫኑ፣ «ያልታወቀች፣ 1893–1896 ገደማ፣ ከአማቴ ሣጥን» ብላችሁ ጻፉ። ቅጂውን ለሩቅ የአጎትና የአክስት ልጆች ላኩ፤ ያው ፎቶ በሌላ ቤት ውስጥ ስም ተጽፎበት ሊኖር ይችላል። የእኛው የተገኘው እንዲያ ነው፤ ሌላኛው ቅጂ በአንዲት የእህት የልጅ ልጅ መሳቢያ ውስጥ ነበር።